ድግስ የነቀፈችው ፍረወይኒ

ፍረወይኒ አረጋዊ መጽሐፍ ስትሸፍን መጀመሪያ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግና እስኪደርቅ ትጠብቃለች፤ ላስቲኩ ሥር የገባ አቧራ አይወጣምና። ላስቲኩን ከጥቅሉ ትስባለች። መጽሐፉን መሐሉ ላይ ገልጣ ታስተኛዋለች፤ በየጠርዙ ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ትታ በምላጭ ትቆርጣለች። ከጀርባው አናትና ግርጌ የተረፈውን በመቀስ ሰንጥቃ ወደ ውስጥ ታስገባለች። ከዚያ የፊቱን ታጥፋለች፣ እጥፋቱን በአውራ ጣቷ ጥፍር ትጫናለች፣ ፕላስተሩን ላስቲክ በላስቲክ ላይ ብቻ ትለጥፋለች። ፕላስተር ወረቀት ከነካ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ነው የሚሄደው። በመጨረሻ መጽሐፉን ዘግታ እንደገና ትከፍተዋለች። ላስቲኩ ከጠበበ ሽፋኑ ይጎብጣል፤ ፈትታ እንደ አዲስ ትጀምራለች።

ይህን ሁሉ የምታደርገው መጽሐፉን እየሰደበች ነው።

ባለፈው አንዲት ደንበኛ ወፍራም ልብ ወለድ አንስታ ለእህቷ የልደት ስጦታ እንደምትፈልገው ነገረቻት። «ከእህትሽ ጋር ተጣልታችኋል?» አለቻት። ልጅቷ ሳቀች፤ ፍረወይኒ አልሳቀችም። እስከ መሐሉ ደህና እንደሚሄድ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ደራሲው ባለታሪኮቹን ትቶ ራሱ መስበክ እንደሚጀምር አስረዳቻት፤ ሸፍናም ሰጠቻት። አልሸጥም አትልም፤ ሱቅ ነው። የምትሸጠውን ግን አታሞግስም።

ሱቁ ኦሎምፒያ፣ የአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ነው። ቁመቱ ከፍ ያለ ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባል። ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት ሱቋ እዚያ፣ በአንድ ሥጋ ቤትና በአንድ ፀጉር ቤት መሐል ነበር። አባቷ አቶ አረጋዊ ከአዲግራት መጥተው ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሷ ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ኮምፒዩተሩ ገብቶ የጽሕፈት መኪናው ሲወጣ እሷም አብራ ወጣችና መጽሐፍ ማከራየት ጀመረች። አመሏ የተፈጠረው ያኔ ነው። ሻጭ መጽሐፉን ከሸጠ ተገላገለ። አከራይ ዘንድ ግን መጽሐፉም አንባቢውም ተመልሰው ይመጣሉ፤ መጥፎ መርጠህ ከሰጠኸው ፊቱን ጥሎብህ ይሄዳል። ፍረወይኒ ያንን ፊት እያየች ነው ልብ ወለድ መምረጥ የተማረችው።

ፍረወይኒም እኔም ያለንበትን የንባብ ማኅበር ያቋቋመችው ጀማነሽ ናት፤ ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ መምህርት። የሚካኤል ጽዋ የምትጠጣ ሰው ስለሆነች ሥርዓቱን እንዳለ ወሰደችው። ተራ የደረሰው ቤቱን ያዘጋጃል፣ ድግሱን ይደግሳል፣ መጽሐፉንም እሱ ይመርጣል። ሌላው አንብቦ ይመጣል። ተበልቶ፣ ተመስግኖ፣ ተራው ለሚቀጥለው ያልፋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በማኅበር ቤት ድግስ አይነቀፍም፤ ወጡ ጨው ቢበዛበትም «እጅሽ ይባረክ» ብለህ ትነሳለህ። እኛም መጽሐፉን ከወጡ ጋር አንድ ላይ ስንመርቀው ከረምን። አዲስ የወጣው ረጅሙ ልብ ወለድ ሁሉ «ግሩም»፣ አጭሩ ሁሉ «ልብ የሚነካ»። መጥፎ መጽሐፍ የሚባል ነገር አንድም ቀን አልገጠመንም።

ፍረወይኒ ዝም ብላ ስትበላ ቆይታ ሃብተአብ ቤት ፈነዳች። ሃብተአብ የሂሳብ መርማሪ ነው፤ ክራቫቱን ቅዳሜም አይፈታም። የመረጠው ሁላችንም ስንቸገርበት የከረምንበት ወፍራም ልብ ወለድ ነበር። ጀማነሽ ምርቃቷን ልትጀምር አፏን ስትከፍት ፍረወይኒ ቀደመቻት።

«ሃብተአብ፣ ዶሮው በስሏል። መጽሐፉ ግን ጥሬ ነው።»

ቀጠለች። ሦስቱ ወንድማማቾች በአንድ አፍ እንደሚናገሩ፣ ሴቲቱ በር ላይ ቆማ ከማልቀስ ሌላ ሥራ እንዳልተሰጣት፣ ከእኛም ግማሾቻችን ሳንጨርሰው እንደመጣን ተናገረች። የመጨረሻው እውነት ስለነበር ቀና ብሎ ያያት የለም። ሃብተአብ ስለ መጽሐፉ አንድም ቃል አልመለሰላትም። በቤቱ፣ ማዕዱ ላይ ተቀምጣ አዋረደችኝ ነው ያለው።

የሚቀጥለው ተራ የእሷ ነበር። የመረጠችው የመርሃዊትን የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል፣ «ከቄራ ወዲህ»ን ነበር። መርሃዊት ቄራ ያደገች የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ መጽሐፉን ራሷ አሳትማ ካርቶኖቹን ደረጃው ሥር ካስቀመጠች ወዲህ የነካቸው አልነበረም። ከዘመድ ውዳሴ በቀር የሰማችው ነገር የለም። ባዕድ ሰው እስከ መጨረሻው አንብቦ እውነቱን ካልነገራት ሁለተኛ እንደማትጽፍ ለፍረወይኒ ነግራታለች። እንግዲህ ማኅበርተኛው ካልመጣ የሚያነብላት የለም።

ሃብተአብ ሱቅ ሲመጣ የመደርደሪያዋን ብሎን እያጠበቅኩ ነበር። ጎንበስ ብሎ ገባ፤ አልተቀመጠም። በጠብ ጽዋ አይነሳም፤ ሰው ፊት መጽሐፉ ጥሩ ነበር ብላ ይቅርታ ካልጠየቀች ማንም ቤቷ እንደማይደርስ ነገራት።

ሲናደዱ አንተ የሚሉ አሉ። ፍረወይኒ ስትናደድ አንቱ ትላለች።

«አቶ ሃብተአብ፣ እርስዎ ሂሳብ ሊመረምሩ ሄደው ድርጅቱ ምሳ ከጋበዘዎት ዝም ብለው ይፈርማሉ?»

«አፍሽን ታቅፈሽ ትቀመጫለሽ። ማን እንደሚመጣልሽ አያለሁ።»

«ይዩ። ግን አንብበው ይዩ።» የሸፈነችውን አንድ ቅጂ ገፋችለት። ሳያመሰግን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ።

ቀኑ ሲደርስ ቤቷ ደግሳ ጠበቀች። አንዱ ለቅሶ ወጣበት፣ ሌላዋ ታክሲ አጣሁ አለች፣ የቀሩት ስልካቸውን ዘጉ። የመጣነው ጀማነሽና እኔ ነን። መርሃዊት ጥግ ተቀምጣለች፤ እውነቱን እንዳንሸሽግባት ፍረወይኒ ዘመዴ ናት ብላ ነው ያስተዋወቀችን። ልንቆርስ ስንል በሩ ተንኳኳ፤ ሃብተአብ ነው። መጽሐፉ ውስጥ የሰካቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች እንደ ጃርት እሾህ ወጥተዋል።

ጀማነሽ ሳህን አቀበለችው። ሳይቀበል ገፋላት። እህል የቀረበለት ሰው አልቀምስም ሲል የመጨረሻው ስድብ ነውና የጀማነሽ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ከቀመስኩ መናገር አልችልም» አለ ሃብተአብ። «የመጣሁት ልናገር ነው።»

ተናገረም። የመጀመሪያው ታሪክ ደራሲዋ ስለደከማት ብቻ እንደቆመ፣ በሁለተኛው ዝናቡ ከሰዎቹ በላይ ቦታ እንደያዘ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሥጋ ሻጩ መጨረሻ ላይ እንዲያለቅስ የተደረገው አንባቢው እንዲያለቅስ ብቻ እንደሆነ ገጽ እየገለጠ አሳየ። ሥጋ ቤት ውስጥ የሚያለቅስ ሥጋ ሻጭ አይቼ አላውቅም አለ። ፍረወይኒ ሦስተኛውን ይዛ ተነሳችበት፤ ሰውየው ልጁ ሞቶበታል፣ ድንጋይ ነህ እንዴ አለችው። በንዴቷ አንቱታውን ረስታዋለች። እሱ፣ ልጁ የሞተው በስምንተኛው ገጽ ነው፣ ያኔ ሳያለቅስ ቢላውን ስሎ ሥራውን ቀጥሏል፣ አሁን ማን አስታወሰው አላት። እውነቱን ነበር፤ መርሃዊትን ስለምትወዳት ያንን ገጽ ሳትነቅፍ አልፋዋለች።

«አምስተኛውስ?» አለችው፣ ለማጥቃት።

ሃብተአብ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። «አምስተኛውን ሁለቴ አነበብኩት። እሱን ተዪልኝ።»

ጥጉ ላይ ያለችው መርሃዊት ያኔ ተናገረች። «ሥጋ ሻጩ ማልቀስ አልነበረበትም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ይቅርታ ይጠይቃል ብለን ጠበቅን። «ታዲያ ለምን አስለቀስሽው?» አላት።

«ታሪኩ አለቀ እንዲባልልኝ።»

«አላለቀም» ብሎ ኮቱን ለበሰ። በሩ ላይ ሲደርስ መርሃዊት ተከትላው ወጣች፤ በወረቀት ያመለከታቸውን ገጾች ቁጥር አንድ በአንድ ከአፉ ተቀብላ ተመለሰች።

ጀማነሽ በሳምንቱ ለፍረወይኒ ደውላ ድግሷ እንደ ተራ እንደማይቆጠርና ተራው ለሚቀጥለው እንዳለፈ፣ ለወደፊትም እንደማትጠራ ነገረቻት። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ ዛሬም ሁሉም ልብ ወለድ ግሩም ነው። ሃብተአብ ኦሎምፒያ መብራቱ ላይ ፍረወይኒን ቢያገኛት ፊቱን ወደ ታክሲው ያዞራል፤ እሷም ወደ ፎቁ። መርሃዊት ሁለተኛ መጽሐፏን ጀምራለች። ካርቶኖቹ ግን አሁንም ደረጃው ሥር ናቸው፤ ከላይኛው ብቻ ጥቂት ጎድሏል።

ስለ ፍረወይኒ ልጽፍ መሆኑን ስነግራት የያዘችውን ሽፋን ጨረሰች። ከዚያ፣ ከጻፍክ አይቀር ለሚያነቡት ይህን ንገርልኝ አለች።

«መርሃዊትን አንብቡ። እስከ መጨረሻው። ያናደዳችሁን ገጽ እጠፉና ደረጃው ሥር አምጡልኝ፤ እኔም እሟገታችኋለሁ፣ ለእሷም አደርስላታለሁ። ጥሩ ነው ለማለት ብቻ ከሆነ ግን እባካችሁ አትድከሙ። ምሳችሁንም በልታችሁ ኑ፤ እኔ ጋ እህል አይቀርብም።»