ሴት ብረት አታነሣም ያሉኝ ሰዎች

ወገቤ የተያዘው ጀሪካን ሳነሣ ነው። ብቸና ውስጥ በምንኖርበት ሰፈር የቧንቧ ውኃ በተራ ነው የሚመጣው፤ ተራው ሲዘለል ደግሞ ከታች ካለው ምንጭ በጀርባችን እናመጣለን። እናመጣለን ስል እኛ ሴቶች ማለቴ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት የሞላውን ጀሪካን ወደ ጀርባዬ ለማዞር ጎንበስ ስል ወገቤ ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለና እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ቀና ማለት አቃተኝ። ጎረቤቶቼ በሁለቱ ብብቴ ይዘው ቤት አስገቡኝ። አንዷ የራሷን አድርሳ ተመልሳ የእኔን ጀሪካን አመጣችልኝ።

ጤና ጣቢያ ያየኝ ባለሙያ የተሰበረ ነገር እንደሌለ ነግሮኝ ማስታገሻ ጻፈልኝ። ልወጣ ስል፣ ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳላነሣ አስጠነቀቀኝ። ታዲያ ውኃውን ማን ያምጣልኝ ብዬ ጠየቅሁት። ሰው ያግዝሽ አለኝና ቀጣዩን ታካሚ ጠራ።

ሰው ማለት ማን ነው? ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። እኔ መምህርት ነኝ፤ ሠራተኛ የመቅጠር አቅም የለኝም። ቤት ውስጥ የቀሩት ሁለት ሴት ልጆቼ ናቸው። ያ ሰውዬ በአፉ «አታንሺ» ይበለኝ እንጂ፣ እኔ የሰማሁት «ልጆችሽ ያንሡ» የሚል ነው። ታላቋ ጀሪካኑን አዝላ በር ላይ ስትደርስ ባየሁ ቁጥር ወገቤን ረስቼ በንዴት እቃጠል ነበር።

ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቼን ይዤ ሞጣ፣ እህቴ ዘንድ ሄድሁ። የእህቴ ጎረቤት የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እዚያው ሞጣ ሲነግዱ የኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። አንድ ቀን ከተቀመጥሁበት ዱካ ላይ ግድግዳ ይዤ ስነሣ አየችኝና ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ብረት ቤት ትሄጃለሽ አለችኝ። እኔ ቆርቆሮ ልትገዛ መስሎኝ እሺ አልሁ።

ከመደብሮቹ ጀርባ ወዳለ የቆርቆሮ ቤት ይዛኝ ገባች። ለካ ጂም ነው። ጠዋት ለሴቶች የተለየ ሰዓት አለ፤ በሩ ይቆለፋል፤ የምታሠራው ደግሞ የእትዬ የራሷ ልጅ ናት፤ ስፖርት ተምራ ሥራ ያጣች። ገና ሳልቀመጥ እትዬ ሻርፗን አጥብቃ አሰረችና፣ ግራና ቀኝ ብረት የተንጠለጠለበትን ዘንግ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቁጢጥ ብላ ተነሣች። ደግማ ቁጢጥ አለች፤ ደግማ ተነሣች። ፊቷ ቀልቷል። የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት።

እኔ የታመመ ወገብ ይዤ እንዴት ብረት እሸከማለሁ ብዬ ልወጣ ነበር። ልጂቱ ግን ብረት አልሰጠችኝም። ባዶ የመጥረጊያ እንጨት ትከሻዬ ላይ አስቀምጣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብድግ አስባለችኝ። ተረከዜ እንዳይነሣ፣ ጉልበቴ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ፣ ትንፋሼን ሆዴ ውስጥ ይዤ ወገቤን እንዳላጎብጥ እየደጋገመች አሳየችኝ። እንዲህ አድርጌ መነሣት ከጀመርሁ በኋላ እንኳ ብረቱን ስመለከት እፈራ ነበር። ለወገቤ የበጀኝ ማረፉ መሰለኝ፤ ያበላሸኝ ማንሣቱ ነውና አልኋት።

«ማንሣት ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

በእጄ ጣሳ ይዤ ወደ ምንጭ ከወረድሁበት ዕድሜ ጀምሮ ስሸከም ኖሬያለሁ። ውኃ፣ እንጨት፣ የወፍጮ እህል፣ ልጅ። ቶሎ በይ ያለኝ ብዙ ነው፤ እንዳታፈሺ ያለኝም ብዙ ነው። ጉልበትሽን እንዲህ እጠፊ፣ ወገብሽን እንዲህ አቅኚ ያለኝ አንድ ሰው አላስታውስም። ለበሬ እንኳ ቀንበሩ በልኩ ይጠረብለታል። እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እንባዬ መጣ፤ የንዴት እንባ ነበር።

ክረምቱን በሙሉ ሄድሁ። ከእንጨቱ ወደ ባዶው ዘንግ፣ ከባዶው ዘንግ ትንንሽ ብረት ወደ መጨመር አሸጋገረችኝ። ቸኩዬ ልጨምር ስል ትከለክለኛለች፤ ፈርቼ ልቀንስ ስልም ትከለክለኛለች። ከመሬት ማንሣትንም አስተማረችኝ፤ ዘንጉን ወደ ቅልጥም አስጠግቶ፣ መሬቱን በእግር እየገፉ ቀና ማለት። መስከረም ሊጠባ ሲል ግድግዳ መያዝ ትቼ ነበር። ጫማዬን ቆሜ ሳስር እህቴ አይታ አማተበች።

ብቸና ስመለስ ያለችውን አንዲት ጂም ፈልጌ ሄድሁ። ባለቤቱ የእኔ ዕድሜ ነው። መምህርት ብሎ በአክብሮት ተቀበለኝ፤ ወንበር አቀረበልኝ። መመዝገብ እንደምፈልግ ስነግረው ደስ አለው፤ ለሴቶች የሚሆን የመዝለያ ገመድና መስታወት ያለበት ጥግ አሳየኝ። እኔ የመጣሁት ለዘንጉ ነው ስለው ፈገግታው ጠፋ። ለሴት ብረት እንደማይሰጥ፣ ማህፀን እንደሚያወርድ፣ ነገ አንድ ነገር ብሆን ባለቤቴ እሱን እንደሚጠይቀው ዘረዘረልኝ። ሞጣ ክረምቱን እንደሠራሁ ነገርሁት። የሞጣን አላውቅም አለ።

እንዲህ እየተባባልን ሳለ ሚስቱ በጓሮ በር ገባች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀኗ የደረሰ ይመስላል። ጀርባዋ ላይ ጀሪካን አለ። ብረት የሚያነሡት ወጣቶች ሲጨርሱ የሚታጠቡበት በርሜል አለ፤ ለእሱ ነው የምታመጣው። በርሜሉ አፍ ላይ ጀሪካኑን ስታዞር ከወጣቶቹ አንዱም ዞር ብሎ አላየም። ባሏም አላየም፤ ስለ ማህፀኔ እየነገረኝ ነበር።

«ያ ጀሪካንስ?» አልሁት።

ዞር ብሎ አያት። የጠየቅሁት ነገር ግራ አጋባው። «እሱማ ሥራ ነው» አለኝ።

ያን ያህል ተቆጥቼ አላውቅም። ሥራ ማህፀን አያወርድም ማለት ነው? ውኃ ሲሆን አይከብድም? ይህን ሁሉ ልለው ስል ሴትዮዋ ፈርታ ታየኛለች፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ ነገሩ እሷ ላይ እንዳይዞር ብዬ ተውሁት። ባዶውን ጀሪካን ተቀብያት በር ድረስ አብሬያት ወጣሁና ቤቴ ገባሁ።

ባለቤቴ ከመንገድ ሲመለስ ነገርሁት። ሰው ምን ይላል ብሎ ትንሽ አንገራገረ። ሞጣ ከመሄዴ በፊት ካልሲዬን የሚያጠልቅልኝ እሱ እንደነበር አስታወስሁት። በማግስቱ አብረን ብየዳ ቤት ሄደን ወፍራም የብረት ዘንግ አስቆረጥን። የቀለም ባልዲ ውስጥ ሲሚንቶ አፍስሰን ክብደት ሠራን። ጓሮ ውስጥ፣ ጣሪያው ሥር አስቀመጥሁት። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሠራለሁ። ሲሚንቶው መሬት ሲነካ ድም ይላል፤ ጎረቤት ይሰማል።

የሰፈሩ ወሬ ለመድረስ አልዘገየም። ጢም ልታበቅል ነው አሉ። ባሏ እንዳይመታት ልምምድ እያደረገች ነው አሉ፤ ባሌ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ወላጆች ለትምህርት ቤቱ አቤት ብለው ርዕሰ መምህሩ ስለ መምህር ክብር መከረኝ። በመጨረሻም የባለቤቴ ዘመዶች ሽማግሌ ላኩ። ብቻቸውን እንደማልሰማቸው ስላወቁ ደብረ ወርቅ ሄደው አባቴን ይዘው መጡ።

አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሳሎናችንን ሞልተው ተቀመጡ፤ አባቴን ከመሃል አደረጓቸው። የሁሉም ታላቅ የሆኑት ተናገሩ። ሴት በትዳሯ፣ በልጆቿ፣ በሙያዋ እንደምትከበር፣ ጉልበት ለወንድ እንደተሰጠ፣ ይህ ነገር ለቤተሰቡ ነቀፌታ እንደሆነ በለሰለሰ አነጋገር አስረዱ። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። አባቴ ለምን እንደማነሣ ጠየቁኝ። ወገቤ እንዴት እንደተያዘ፣ እንዴትም እንደዳነ ተናገርሁ።

አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ልጄ ያነሣችው ብረት ነው። እናንተ ያነሣችሁት ነገር ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ ነገር ይከብዳል» አሉ።

በእኛ አገር ባለ ቅኔ እንዲህ ሲናገር መልስ መስጠት ይከብዳል። አንዱ ሽማግሌ ሳይወዱ ሳቁ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። መርቀው ተነሡ፤ ከዚያ ወዲያም በዚህ ጉዳይ የመጣ ሽማግሌ የለም።

እኔ ግን አልበረደልኝም። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ ዘንጉን ማየት ፈለጉ። ጓሮ ወስጄ አሳየኋቸው። በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም አልወደድሁትም፤ ወገብሽ ግን የአንቺ ነው አሉኝ። ማመስገን ይገባኝ ነበር። በማመስገን ፈንታ ከአፌ ሌላ ወጣ።

«አባቴ፣ እናቴ በእንስራ ስትጎብጥ ሽማግሌ የላከ ማን ነበር?»

እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ ሰው ስታናግር አንገቷን አጣምማ ነበር ከታች ወደ ላይ የምታየው። ለአባቴና ለተማሪዎቻቸው የሚጠጣውን ሁሉ የተሸከመችው እሷ ናት። አባቴ ለሁሉ ነገር ቃል የማያጡ ሰው ናቸው። ለዚህ አጡ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ባልዲዎቹን እያዩ ብዙ ቆሙ። ማታ እራት አልበሉም፤ ጠዋት የደብረ ወርቅ ሚኒባስ ላይ ስሸኛቸው ግንባሬን ሳሙኝ እንጂ ምንም አላሉኝም። እንዲህ በማለቴ ሰው ይወቅሰኝ ይሆናል። እኔ አልተጸጸትሁም።

ባለ ጂሙ አሁንም ለሴት ብረት አይሰጥም። ሚስቱ በሰላም ተገላገለች ሲሉ ሰማሁ፤ ለክርስትናው ድግስ ውኃ ያመላለሱት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። ባለቤቴ ቤት ባለ ጊዜ ጀሪካኑን በጋሪ ያመጣል። ሰው ሲያየው ሚስቱን የሚረዳ ደግ ባል ነው ተብሎ ይመሰገናል። እኔ ሳመጣ አመስግኖኝ የሚያውቅ የለም።

በዚህ ዓመት ሁለት ጎረቤቶቼ ጓሮዬ እየመጡ መሥራት ጀምረዋል። አንዷን የሚያመጣት ወሬው እንጂ ብረቱ አልመሰለኝም ነበር፤ ሰሞኑን ግን ባዶውን ዘንግ ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ወገቧን አቅንታ፣ ቁጢጥ ብላ በደንብ ተነሣች። ዘንጉን መልሳ አስቀምጣ እያለከለከች ይህን ስንሠራ ከከረምን ጀሪካኑ ይቀልልን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ጀሪካኑ ያው ነው፤ አንቺ ነሽ የምትጠነክሪው አልኋት።

ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያማ ሌላ ሊጨምሩብኝ ነው» አለች።

ሦስታችንም ሳቅን፤ ግን ሳቁ ወዲያው አለቀብን። ተራው የእኔ ነበርና ዘንጉ ሥር ገባሁ።