ሰባት ኩንታል ተኩል

እናቴ ብዙ አትቆይም ከተባለች በኋላ ሦስት ዓመት ኖራለች። ለእነዚያ ሦስት ዓመታት ማንን እንደማመሰግን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ነርሶቹን፣ ከእነሱ ቀጥሎ የአብዛኞቹን ስም እንኳ የማላውቀውን የፉሪ ወጣቶች፣ ከዚያ አባቴን፣ ከዚያ ደግሞ ከአባቴ ጋር አርባ ዓመት የኖረችውን አሮጌ የጀርመን መኪና ነው የማመሰግነው። መኪና ይመሰገናል ወይ የሚለኝ ካለ መጀመሪያ ይስማኝና ከዚያ ይፍረድ።

የፋብሪካዋን ስም መጥራት አያስፈልገኝም። ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ነዳጇና ስኮርታ ጎማዋ ከፊት፣ ስትነሳ ሰፈር የምትቀሰቅስ ትንሽ መኪና ካልኩ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያደገ ሁሉ ያውቃታል። የእኛዋ በጃንሆይ ዘመን የመጣች ናት። አባቴ መካኒክ ነበር፤ መካኒክ ስል ግን የእሷ ዓይነት መካኒክ ማለቴ ነው። ሌላ መኪና ይዞ የመጣን ሰው በትሕትና ወደ ጎረቤት ጋራዥ ይሸኘዋል። «ራዲያተር ያለው መኪና ታማሚ ነው፣ ሁልጊዜ ውሃ ውሃ ይላል» ይል ነበር። የአዲስ አበባው ሰፈራችን ፈርሶ ሰበታ ቤት ስንከራይም ከዕቃው ሁሉ በፊት ያሻገረው እሷን ነው። እናቴ በዚህ ለዓመታት ስትቀልድበት ኖራለች፤ እሷና ቁም ሳጥኑ የሄዱት በማግስቱ ነበር።

አባቴ የመኪናዋን ታሪክ የሚያወራው ከሥሯ ተኝቶ ነው። እግሩ ብቻ ይታያል፣ ድምፁ ከብረቱ ሥር ይመጣል። «ያሠራት ክፉ ሰው ነው» ብሎ ይጀምራል። ያ ክፉ ሰው ለተራው ሕዝብ መኪና እሰጣለሁ ብሎ በየሳምንቱ ቴምብር እያስገዛ አስቆጠበው። ጦርነቱ ሲመጣ ፋብሪካው የጦር መኪና መሥሪያ ሆነ፤ ከቆጣቢዎቹ አንድም ሰው መኪናውን አላገኘም። እዚህ ላይ ለኮንዶሚኒየም የምቆጥበው እኔ ኮዬ ፈጬ እየተሠራ ነው የሚባለውን ቤት አስባለሁ። ከዚያ ፋብሪካው በቦምብ ፈረሰ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ከአሸናፊዎቹ ወገን አንድ መኮንን ፍርስራሹን አስጠርጎ ሥራ አስጀመረ። ከሌላ አገር የመጡ ባለሙያዎች አይተዋት ይህችን መልከ ጥፉ ማንም አይገዛትም ብለው ሄዱ። አባቴ ይሄኔ ከሥሯ ተስቦ ይወጣና ግሪስ የጠጣ እጁን ይዘረጋል። «ከዚያ በኋላ ዓለምን ሞላችው!»

አንድ እሁድ ይህን ሲያወራ ጎረቤታችን ቆመው ይሰሙ ነበር። ስም ስለማልጠራ ኦቦ ብቻ ልበላቸው። ገበሬ ናቸው፤ የተከራየነው ቤት የቆመው እሳቸው ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምተው «ፋብሪካው ያረፈበት መሬት የማን ነበር?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ ጭንቅላቱን አከከ። «እሱን አላውቅም ኦቦ።»

«ባለ መሬቶቹስ መኪናዋን አገኙ?»

አባቴ ይህንንም አያውቅም ነበር። እኔ አፍሬ ወደ ቤት ገባሁ፤ ኦቦ ግን ሳይከፋቸው አባቴን መፍቻ አቀበሉት።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ራዲዮ አንድ ወሬ አመጣ። ፋብሪካው አጭበርብሯል ተባለ፤ ምርመራ ላይ ጭሳቸው ንጹሕ የሚመስል፣ መንገድ ላይ ሲወጡ ግን መርዝ የሚተፉ መኪናዎች ሲሸጥ ተይዟል። አባቴ ራዲዮውን ዘጋው። ምሳውን አልበላም። ዘመዱ በሌብነት የተያዘበት ሰው ይመስል ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣም። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ «የእኛዋ እንኳ ጭሷን ደብቃ አታውቅም» ብዬ ላስቀው ሞከርኩ። አልሳቀም። «ስም የሚያህል ነገር እንዲህ ይጣላል?» አለኝ። ከሳምንት በኋላ ቱታውን ለብሶ ወጣና «ይቺን የሠሩት ሌሎች ናቸው» ብሎ ካንዴላዋን መፍታት ጀመረ። ደስ አለኝ፤ በዚያን ጊዜ ቤታችን ሁለት በሽተኛ የሚችል አልነበረም።

በሽተኛዋ እናቴ ናት። ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ በሳምንት ሁለቴ አዲስ አበባ እየሄደች ደሟን ትታጠባለች። ቀጠሮው በአንድ ቀን ካለፈ እግሯ ያብጣል፤ በሁለት ቀን ካለፈ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሦስተኛውን ማሰብ አንፈልግም። እኔ ከሥራ እያስፈቀድኩ በመኪናዋ አመላልሳታለሁ፤ የአባቴ ዓይን ለመንዳት አይበቃም ነበር።

ወዲያው የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መጣ። የአዲስ አበባ ፕላን ዙሪያዋን ያሉትን ከተሞች ሊውጥ ነው፣ ገበሬው ከመሬቱ ሊነሳ ነው ተባለና አካባቢው ተነሳ። ዛሬ ቡራዩ መንገድ ተዘጋ እንባላለን፣ ነገ ሱሉልታ፣ ከነገ ወዲያ እኛው ጋ ይሆናል። ተኩስ እንሰማለን። የሞተ ልጅ ለቅሶም እንሰማለን። በዚህ መሐል የእናቴ የማክሰኞ ቀጠሮ አለፈ። ዓርብ ጠዋት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነው ያነጋችው፤ መተኛት አልቻለችም። አምቡላንስ ስንጠራ መንገዱ ሲከፈት እንመጣለን አሉን። ዛሬ ካልደረሰች እንደማትተርፍ ሦስታችንም አውቀናል።

ኦቦ በሩን አንኳኩተው ገቡ። «በዓለም ገና አትሞክሩ። በፉሪ በኩል በጥርጊያው ሂዱ። ካስቆሟችሁ እውነቱን ብቻ ንገሯቸው» አሉን። እናቴን ደግፈው መኪናዋ ውስጥ ከፊት ያስቀመጧት እሳቸው ናቸው። አባቴ ከኋላ ገባ፣ እኔ መሪ ያዝኩ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ይህች መኪና የነዳጅ መለኪያ የላትም። ነዳጅ ሲያልቅባት ታስላለች፤ ያኔ ወለሉ ጋ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ በእግር ገፋ ሲያደርጓት አባቴ ሪዘርቭ የሚለው ተጠባባቂ አምስት ሊትር ይለቀቅላታል። ነዳጅ ከተሞላ በኋላ ማዞሪያዋ ወደ ቦታዋ መመለስ አለባት። ካልተመለሰች ተጠባባቂውም ሳይታወቅ አብሮ ያልቃል። የዚህች መኪና ባለቤት ብቻ የሚሠራው ስሕተት ነው፤ አባቴም መንዳት ሲያስተምረኝ ከፍሬንና ከፍሪሲዮን በፊት ያስጠናኝ ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ባለፈው ከተማ ውስጥ አስላብኝ፣ ማዞሪያውን ገፋሁ፣ ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን እንደ ምንም ትንሽ ቀዳሁና በደስታ ረስቼው ወደ ቤት ነዳሁ።

ፉሪ ዳገቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ አሳላት።

«ሪዘርቩን!» አለ አባቴ ከኋላ።

እግሬን ሰደድኩ። ማዞሪያዋ ተገፍታ ነበር። «አባባ፣ አልመለስኩትም» አልኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ቢሰድበኝ በተሻለኝ። እናቴ ብቻ እጄን መታ መታ አደረገችኝ፤ ልትናገር ትንፋሽ አልነበራትም።

ሞተሩ ጠፋና ቁልቁለቱን ዝም ብላ መንሸራተት ጀመረች። ግርጌ ላይ መንገዱ በድንጋይ ክምር ተዘግቷል፤ አጠገቡ ወጣቶች ቆመዋል። ኮቴዋ ሳይሰማ ከፊታቸው ድንገት ስንቆም እነሱም ደነገጡ። ድንጋይ የያዘ እጅ ሲነሳ አየሁ። መኪና ተቃጠለ የሚል ወሬ ስንሰማ ነው የሰነበትነው። በሩን ከፍቼ ወጣሁና እውነቱን ተናገርኩ፤ የእናቴን ኩላሊት፣ የማክሰኞውን ቀጠሮ፣ የነዳጁን ነገር፣ የኔን ጥፋት ሁሉ ሳይጠይቁኝ ዘከዘክሁት።

አንዱ ረጅም ወጣት ወደ እናቴ መስኮት ሄዶ ጎንበስ አለ። ያበጠ ፊቷን፣ ክንዷ ላይ የታሰረውን ፋሻ አየ። «ሃዳ ኮ፣ ሂን ሶዳቲና» አላት። ከዚያ በአማርኛ ደገመው፣ «እናቴ፣ አይፍሩ።»

ተሰብስበው ተከራከሩ። ረጅሙ ተመልሶ መጣ፤ ፊቱ ላይ ጭንቀት ይታያል። «እህቴ፣ ድንጋዩን ለማንም አናነሳም ብለን ተማምለናል። ትናንት ለአንዱ ከፍተን ተከትሎት የመጣው መኪና ወታደር ነበር። ሦስት ልጅ ወስደውብናል።»

እነሱም እውነት አላቸው። መሬቱ ላይ ዝርፍጥ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ልጁ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት። ጣራዋን በመዳፉ መታ አደረገና ወደ አባቴ ዞረ።

«ፋዘር፣ ስንት ኪሎ ናት?»

አባቴ ከቤት ከወጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ሰባት ኩንታል ተኩል! አንድ ኪሎ አትበልጥም!»

«ሰባት ኩንታል ተኩል!» ልጁ ወደ ጓደኞቹ ጮኸ። የገበሬ ልጆች ናቸው፣ አንዳንዶቹ እህል በረንዳ ተሸካሚ ሆነው የሠሩ። አንድ ኩንታል ለአንድ ትከሻ ምን እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ተያይተው ሳቁ። ረጅሙም ፍርዱን ሰጠ፤ «ድንጋዩን አናነሳም። መኪናዋን ግን እናነሳታለን።»

ዐሥራ ሁለት ሆነው ከበቧት። እናቴን እናውጣ ስል «እማማ ይቀመጡ፣ እሳቸው ስንት ኩንታል ናቸው?» አሉና እናቴ በዚያ ትንፋሿ ፈገግ አለች። አባቴ የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ ዙሪያዋን ይሯሯጣል። «ፓራፋንጎዋን አትያዙ፣ ይገነጠላል! በሩ ሥር ያለውን መርገጫ! ከኋላ ብዙ ሰው፣ ሞተሯ እዚያ ነው!»

«ቶኮ! ለማ! ሰዲ!» አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጠሩ።

አነሷት። እናቴ በመስኮቱ እየታየች ከመሬት ከፍ አለች፤ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ጨፍና። ድንጋዩን በእግራቸው እየፈለጉ፣ እየተደናቀፉ፣ እየተጯጯሁ አሻገሯትና ወዲያ ማዶ በቀስታ አኖሯት። አንዱ ባጃጁን ዳር ካቆመበት በጎማ ቱቦ ቤንዚን መጥጦ ሁለት የላስቲክ ጠርሙስ ሞላልን። ሊቀዳ ሲል አባቴ የፊቱን ኮፈን ከፈተለት፤ ልጁ ውስጡን አይቶ «ፋዘር፣ ሞተሩን ማን ወሰደው?» አለና ያ ሁሉ ሰው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ከነእንባዬ ሳቅሁ።

ሆስፒታል የደረስነው ከቀጠሮው ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ነርሷ እናቴን አይታ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ አልጋ ላይ አስተኛቻት። አባቴ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። «ማዞሪያውን እኔም ሠላሳ ጊዜ ረስቼዋለሁ» አለኝ። ነግሮኝ የማያውቀው ነገር ነው፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ።

እናቴ ከተሻላት ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ያዘች፤ ልጆቹን ሄጄ ላመስግን። ዝም ብሎ ሄዶ ወጣት ማፈላለግ በዚያ ሰሞን ጠቋሚ ያስብላል። ስለዚህ ኦቦን ይዘን ሄድን፤ ሽማግሌ ይዞ የመጣን ሰው ማንም በክፉ አያየውም። መንገዱ ተጠርጎ ነበር። ድንጋዩም የለም፣ ልጆቹም የሉም። ኦቦ ጠይቀው ጠያይቀው የረጅሙን ልጅ ቤት አገኙ።

እናቱ ደጅ ላይ ቆመው ነበር። መኪና ሲያዩ ፊታቸው ደም አጣ። ልጁ ከተወሰደ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፤ የት እንዳለ አያውቁም። ከወራት በኋላ ከስቶ፣ ግን በደኅና ተመልሷል፤ ሰርጉ ላይም ተጠርተን በልተናል። ያን ቀን ግን ይህን የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

ኦቦ በኦሮምኛ የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። ልጁ አልነገራቸውም ኖሯል። እናቴ ከመኪናው ሳትወርድ በመስኮቱ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» ትላለች፣ ከዚህ የምስጋና ቃል ሌላ የምታውቀው የላትም። ሴትየዋ እሷንም አላዩ፣ እኛንም አላዩ። መኪናዋን ነው የሚያዩት። ቀረብ አሉና አንድ ነገር ጠየቁ። ኦቦ ተረጎሙልን።

«ልጄ በየት በኩል ነበር የያዛት? ነው የሚሉት።»

ከዐሥራ ሁለቱ በርግጠኝነት የማውቀው የእሱን ቦታ ብቻ ነው። እናቴ በተቀመጠችበት በኩል፣ ከበሩ ሥር። «እዚህ ጋ» ብዬ አሳየኋቸው።

ተንበረከኩና ሁለት መዳፋቸውን ከመርገጫው ሥር አስገቡ። እናቴ በመስኮቱ እጇን አውጥታ ትከሻቸው ላይ አኖረች። ማናችንም ይነሱ አላልናቸውም።