ውሃ በጋሞኛ

ጦር ኃይሎች ታክሲ ስጠብቅ አንዲት እናት ልጇን በጋሞኛ ስታባብል ሰማሁና ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ እትዬ በላይነሽ ትዝ አሉኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ቤታችን ኮልፌ፣ ሸማኔዎቹ ሰፈር ነበር። አንድ ቀን ተነስቼ ሳነብ አማርኛው ቢኮላተፍብኝ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እንባዬ መጣ።

እትዬ ማንንም አልተቆጡም።

"እናንተ ቤት ውሃን ምን ትሉታላችሁ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ደጋግመው ሞከሩት፤ አልሆነላቸውም። ልጆቹ አሁን በእሳቸው ሳቁ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት ስም እንኳ ሳይጠሩ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ጠመኔ የሚሸት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ቃሉን ቀስ ብለው አሉት።

"አሁንስ፣ ልጄ?"

"ልክ ነው፣ እትዬ።"

ትልቅ ሰው በእኔ መልስ እንደዚያ ሲደሰት አይቼ አላውቅም ነበር።