ቀንዱን የከፈትኩበት ሠርግ

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ጊዜው ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው፣ የልጇ ሠርግ ላይ ነው። ሞታለች። ሞተች ብዬ ግን አልተውላትም።

ኮልፌ አንድ ግቢ ውስጥ ነበርን፤ እሷ ትልቁ ቤት፣ እኔና ባሌ ከኋላ ሁለት ክፍል። ሽቶ መቀመም የተማርኩት ዝባድ ነጋዴ ከነበረው አባቴ ነው። የጽጌረዳ፣ የሰንደልና የቅርንፉድ ዘይት ከመርካቶ በትንንሽ ብልቃጥ እየገዛሁ፣ በጠብታ እየለካሁ አዋህዳለሁ። በመጨረሻ የጤፍ ፍሬ የምታህል ዝባድ በሞቀ ዘይት አሟሙቼ እጨምርበታለሁ፤ ጠረኑን ልብስ ላይ የሚያቆየው እሱ ነው። ከዚያ ወር ሙሉ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ዝባድ ከጥርኝ የሚወጣ ነው፤ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ይኖራል፣ ሲከፈት ይከረፋል። አንድ ቀን አፍንጫዋን ይዛ፣ "ይሄን ግማት ከወንድሜ ቤት አውጪልኝ!" አለችኝ። አላወጣሁም።

ለሠርጉ ግን ሽቶ አዘዘችኝ፤ ልጇን ልካ ወሰደች። በዋዜማው ሴቶቹ ሙሽራዋን ከበው አንገቷን እያሸተቱ ሲያደንቁ፣ "ከጅዳ ነው፤ ዘመዳችን ከሐጅ ሲመለስ ያመጣላት" አለቻቸው። እኔ ሳህን ተሸክሜ በሩ ላይ ነበርኩ።

"የኔ ሥራ ነው" አልኩ።

ሳቀች። "አንቺ ደግሞ! የጓሮ ሽቶ ለሙሽራ ይቀባል እንዴ? ሂጂ፣ ሳህኑን አድርሺ።"

"ጅዳ ጓሯችሁ ድረስ መጣችላችሁ!" አለች አንዷ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ባሌ ከውጭ ይሰማል። ወደ ውስጥ አልገባም።

ሳህኑን መሬት አስቀመጥኩ። ክፍሌ ሄጄ ቀንዱን አመጣሁና መሃላቸው ከፈትኩት። ሁሉም በሻሻቸው አፍንጫቸውን ያዙ።

"አበደች! ሠርጌን ልታበላሽ ነው!" አለች የባሌ እህት።

"እትዬ፣ ልጅዎ አንገት ላይ ያለው ይሄው ነው። ከጅዳ ከሆነ፣ ሌላ ምን እንደገባበት ይንገሯቸው።"

ሙሽራዋ አንገቷን እንደደፋች፣ "ብልቃጡን ከእሷ ተቀብዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ" አለች።

ከጥግ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው የልጅቷን አንገት አሸተቱ።

"ዝባዱ አለ። ስንት ታደርጊበታለሽ፣ ልጄ?"

"የጤፍ ፍሬ የምታህል።"

"አይበዛም?"

"በዝቶ ቢሆን እስካሁን እዚህ ባልተቀመጡ ነበር።"

አሮጊቷ ከልባቸው ሳቁ። የባሌ እህት ተነስታ ወጣች።

በማግስቱ ባሌ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ፤ ታላቄን በሰው ፊት አዋርጄአለሁና ይቅርታ እንድጠይቃት። "ምን አድርጌያት?" አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ።

ይቅርታ አልጠየቅኩም። በዚያው ሳምንት ወደ ኋላው መንገድ በሚያየው መስኮታችን ሽቶ መሸጥ ጀመርኩ። ለእሷ ቤት አንድ ጠብታ አልሰጠሁም።