ወርቅነሽና የጠፋው ብርሃን

ፌኖል፣ ያ የጤና ጣቢያ ወለል ሽታ፣ ዛሬም በምሠራበት ላብራቶሪ ካፍንጫዬ ይደርሳል። ሥራዬ ቀለም የጠጣ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ቀለሙ መልሶ የሚያበራባትን፣ ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያጠረች ቅጽበት እለካለሁ። ሽታው ግን ሁልጊዜ ወዳደግሁባት ከተማ፣ ወደ ሮብ ገበያ፣ ወርቅነሽ ዘንድ ይወስደኛል።

ወርቅነሽ የጤና ጣቢያው የላብራቶሪ ባለሙያ ነበረች። ያገሬ ሰው ነጭ ገዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ስለሚል እሷንም ዶክተር ይላታል፤ ማረሙ ታክቷት ትታዋለች። የሚያበራው ቀለም በማይክሮስኮፑ ጎልቶ እንዲታያት መስኮቷን በጥቁር ጨርቅ ጋርዳ ጨለማ ውስጥ ትውላለች።

ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ ክረምቱን ሙሉ ስትስል ከርማ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። አባቴ ቄስ ናቸው፤ «ብርድ ነው፣ ጠበሉ ይበቃታል» እያሉ ከርመው በስንት ልመና ጤና ጣቢያ አመጧት። አክታዋን ሰጥታ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስላለች። እናቴ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ወርቅነሽ ብቅ ብላ፣ «አባ፣ ይግቡና በዓይንዎ ይዩት» አለቻቸው። ቀሚሳቸውን ይዤ ተከተልኩ። አባቴ ጥምጣማቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። ጥቁሩ ላይ ቢጫ የሚያበሩ ቀጫጭን ነገሮች፣ ቀለም የጠጡ የበሽታው ተሐዋስያን፣ ነበሩ። ደነገጡ። ዓይናቸውን ሳያነሡ በግዕዝ መጸለይ ጀመሩ፤ ጸሎቱም ረዘመ።

በመጨረሻ ቀና ብለው፣ «ተመስገን! ጠፋ! በይ እናትሽን አስነሻት፣ እንሂድ» አሉኝ።

በደስታ ልበር ደረስኩ። ወርቅነሽ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«አባ፣ የጠፋው ቀለሙ ነው። መብራቱ ሲቆይበት ይደክማል። የሳንባ ነቀርሳው እዚያው ነው» አለች ቀስ ብላ። አክታው የተቀባበትን መስታወት ትንሽ ገፋ አደረገችው። «እስቲ እንደገና ይዩ።»

አዩ። ያው ቢጫ ብርሃን ሌላ ቦታ ላይ ይነድ ነበር። አባቴ ቀና ብለው ጥምጣማቸውን አስተካከሉ።

«መድኃኒቱንም ቢሆን የፈጠረ እሱ ነው። ስጭን ልጄ» አሉ።

እናቴ ኪኒኗን እስከ መጨረሻው ወሰደች። አባቴ ሽንፈት አይወዱም፤ በየጧቱ በጠበል ያስውጧት ነበር። ወርቅነሽ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም።

ትናንት እናቴ ደውላ፣ «ከስተሻል አሉኝ! ለመሆኑ ምን እየበላሽ ነው?» ብላ አንድም ጊዜ ሳትስል ረጅም ቁጣ ተቆጣችኝ። እስክትጨርስ አላቋረጥኳትም።