ባንድ ዓይን የተሳለችው መበለት

ዛሬም የልጆች መጽሐፍ ስገልጥ ጽሑፉን ትቼ መጀመሪያ የማየው የሰዎቹን ዓይን ነው። አመል ሆኖብኛል።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሰቆጣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ የልጆች መጽሐፍ እንዴት እንደሚዘጋጅ ሁለት ሳምንት ተማርን። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነበር። አንድ ሰፊ ወረቀት አጣጥፎ አሥራ ስድስት ገጽ ማውጣትን፣ ረቂቅ ማረምን፣ ጀርባውን በመርፌና በክር መስፋትን አሳየን። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር። «ተረቱን ከየቤታችሁ አምጡ፤ ሥዕሉንም ራሳችሁ ሳሉት። ጥሩው ይታተማል» አለን።

ተረት የት እንዳለ አውቃለሁ። ቅዳሜ ተነሥቼ ደሃና ወደምትኖረው የአባቴ እህት በእግሬ ሄድሁ። እሷ በኽምጣንጋ ስታወራልኝ እኔ በአማርኛ ጻፍሁ፤ ፍየሏን ሊበላ የመጣን ጅብ በምላሷ ብቻ አሳፍራ ስለመለሰች መበለት። መበለቲቱን አክስቴን እያየሁ ሳልኋት፣ የአንገቷ ንቅሳት ሳይቀር። ፊቷን ወደ አንባቢው አዙሬ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሰጠኋት። ጅቡን ግን በጎኑ፣ ባንድ ዓይን። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ያያሉ፤ ይሁዳና ሰይጣን በጎን፣ ባንድ ዓይን ይሳላሉ። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን እኛ ዘንድ የለም። አክስቴ ሥዕሉን አይታ «እኔን ሳልሽኝ እንዴ!» ብላ እስኪያስላት ሳቀች።

አሠልጣኙ ራሱን ነቀነቀ። «ሴትዮዋ ምነው ካሜራ ፊት እንደቆመ ሰው ሆነች? ጅቡንም ልጆች ሊወዱት ይገባል። ሠዓሊያችን ያስተካክለዋል» አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ወረቀት ሲያወራ የከረመ አፍ አንዲት «ለምን?» ማውጣት አቃተው! እኔም ዝም አልሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ይሳሳታል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

በዓመቱ መጽሐፉ ታትሞ መጣ። አንዱን ይዤ ደሃና ገሠገሥሁ። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሥዕል በማንበብ ግን ማንም አይቀድማትም። ጅቡ በሁለት ዓይኑ ፈገግ ብሎ እንደ ጻድቅ ያያታል። መበለቲቱ፣ በንቅሳቷ የምትታወቀው እሷው ራሷ፣ በጎን ባንድ ዓይን ቆማለች። አክስቴ ገጹን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ምን ብበድልሽ ነው ከይሁዳ ጋር ያቆምሽኝ?» አለችኝ።

እኔ አይደለሁም፣ ሠዓሊው ነው ብዬ ማልሁላት።

«ሊያጠፉኝ ሲሉ አንቺ ምን አልሽ?»

ምንም አላልሁም ነበር።

ያ ሰውዬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። መጽሐፍ መሥራት ላስተምር ብሎ መጥቶ፣ ልጅቱ ለምን እንዲህ እንደሳለች ሳይጠይቅ መሄድ ምን የሚሉት ማስተማር ነው? ይሁን፣ እሱስ አያውቅም ነበር። እኔ ግን እያወቅሁ ነው አፌን የያዝሁት፤ ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከዚያ በኋላም ደብተሬን ይዤ እየሄድሁ ደጋግሜ ለመንኋት። ምሳ ታቀርብልኛለች፣ ስለ ዝናቡ ታጫውተኛለች፤ ተረት ግን አንዲት አልነገረችኝም። የምታውቀውን ሁሉ ይዛው ተቀበረች።