የኔታ አካለ ወልድ በነጭ አቡጀዲ ላይ

ሥራነሽ ባሏን ያገባችው ቅኔውን ወዳ አልነበረም፤ አባቷ ስለ ሰጧት ነው። ፍቅሩ የመጣው በኋላ ነው፤ ያውም በጆሮዋ በኩል። የኔታ አካለ ወልድ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለች አንዲት ደብር የቅኔ መምህር ነበሩ። እሳቸው ከደጃፋቸው ጥድ ሥር ለተማሪዎቻቸው ቅኔ ሲዘርፉ እሷ ጓሮ ሆና ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች። ግዕዙን አታውቀውም። ድምፁ ግን ከፍ ብሎ ሄዶ፣ ጥቂት ቆም ብሎ ሲወርድ እንዝርቷን ታቆማለች። እርጅና ከተጫጫናት በኋላ እንኳ የዚያ ዘመን ወሬ ሲነሣ መጀመሪያ የምታወራው ስለዚያ ድምፅ ነበር።

አብረዋቸው ሊኖሩ ግን የሚመቹ ሰው አልነበሩም፤ ይህንንም አትሸሽግም። ሐዘን የሚሉት ነገር ምክንያት ሳይፈልግ መጥቶ ይጫናቸዋል። ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ እህል በአፋቸው አይዞርም። አንዳንዴም ተነሥተው ወደ ጮቄ ተራራ ብርድ ጭልጥ ይላሉ። ሥራነሽ ባና፣ ያን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ተሸክማ ትከተላለች። ሮብ ገበያ ደርሳ "የኔታን ያየ አለ?" ስትል ገበሬው አገጩን ወደ ተራራው ይቀስራል። አግኝታ ታለብሳቸውና አብረው ይመለሳሉ። በመንገድ አንዲት ቃል አይተነፍሱም፤ "እግዜር ይስጥልኝ" እንኳ አይሏትም። ለሊቃውንት ምስጋና ከቅኔ ይከብዳቸዋል መሰለኝ።

ጣሊያን ሲገባ ተማሪዎቹ ተበተኑ፤ ገሚሱ ወደየአገሩ፣ ገሚሱ ወደ ዱር። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንሙት በአምበር መንገድ ላይ መገደሉን የሰሙ ዕለት ደግሞ የኔታ አፋቸው ተዘጋ። በበዓል ቀን እንኳ ቅኔ እምቢ አሉ። ክረምት መጣ፣ ሄደ፤ ሌላውም መጣ፣ ሄደ። ሥራነሽ የፈራችው ረሃቡን አልነበረም፤ ያ ድምፅ ሳይመለስ እንዳይሞቱባት ነው።

አንድ ቀን አብዱልቃኒ ከከተማ መጣ። ምጽዋ ሲነግድ ጣሊያንኛ የለመደ ባለሱቅ ነው፤ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ያስተረጉማል። ከኋላው ባለሦስት እግር የሲኒማ ማንሻ መኪና ያሸከመ ጣሊያን ከአንድ ወታደር ጋር ይከተላል።

"እትዬ ሥራነሽ፣" አላት፣ "ይኸ ሰው ሲኒማ ይሠራል። ተራራ ለተራራ የሚዞር ባለቅኔ አለ ሲሉት ሰምቶ፣ የኔታን ከቤት ሲወጡ፣ ሲያስተምሩ፣ ቅኔ ሲሉ ላንሣቸው ይላል። ኑሯቸውን ነው የሚፈልገው።"

"ኑሯቸውንማ እኔስ መች አገኘሁት" አለች።

እምቢ ማለት የሚቻል አልነበረም። እሷም ምናልባት ጉባኤ የመሰለ ነገር ሲያዩ አንደበታቸው ይፈታ ይሆናል ብላ ኩታቸውን አጥባ አለበሰቻቸው።

ጣሊያኑ የገበያ ጎረምሶች ሰብስቦ፣ የተማሪ ደበሎ አልብሶ ከጥዱ ሥር ደረደራቸው። ፊደል የቆጠረ አንድ የለባቸውም፤ እንዲያውም አንዱ መቋሚያውን በሬ እንደሚነዳበት በትር ይዞታል። የኔታ መጥተው አዩዋቸው። ከዳር አንሙት ይቀመጥበት የነበረውን ድንጋይም አዩት። ሥራነሽ አሁን ጥለው ሊሄዱ ነው ብላ ስትሳቀቅ ድምፃቸው ወጣ።

ትንሽ ሻክሯል እንጂ ያው ነው። ከፍ ብሎ ሄደ፤ ቆም አለ፤ ወረደ። መካከል ላይ የአንሙት ስም ሲጠራ ሰማች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከደስታ ይሁን ከሐዘን አልለየችውም።

ጣሊያኑ ግን ራሱን ነቀነቀ። ደመና ፀሐይዋን ሸፍኖበት ኖሯል።

"ይድገሙት ይላል" አለ አብዱልቃኒ መሬት መሬት እያየ።

"ቅኔ አይደገምም" አሉ የኔታ።

ሥርዓቱ ነው። አንዴ የተባለ ቅኔ ዳግመኛ ከዚያው አፍ አይወጣም፤ ያደረ ቅኔ ይዞ የሚቆም መምህር ከጉባኤ ፊት ውርደቱን ይከናነባል። ያውም ይህ ለአንሙት የተባለ ነው። የኔታ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የጣሊያኑ ፊት ቀላ፤ አጠገቡ የነበረው ወታደርም ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ሥራነሽ ወደ አስተርጓሚው ተጠጋች። "አያ አብዱልቃኒ፣ ያ መኪና ድምፅ ይይዛል?"

"የለም። አፍ ሲንቀሳቀስ ነው እንጂ የሚያሳየው ድምፅ የለውም።"

ሄዳ ባሏ ፊት በርከክ አለች። "የኔታ፣ መኪናው ደንቆሮ ነው። ቅኔውን አይድገሙት። እጅዎን ያንሡና የፈለጉትን ይናገሩ። ከተራራው ስመልስዎ ኖሬ ዛሬ ከደጃፌ አልጣዎት።"

ተነሡ። ፀሐይ ወጣች፤ መኪናው መዞር ጀመረ። የኔታ ቅኔ እንደሚያቀርብ ሰው እጃቸውን ዘርግተው፣ እሷን እያዩ፣ በተራ አማርኛ ተናገሩ።

"ሥራነሽ፣ ባናውን ይዘሽ ስትመጪ ከሩቅ አይሽ ነበር። 'መጣች' እል ነበር በሆዴ። ባትመጪ ኖሮ የምመለስ አልነበርሁም። አንድ ቀን እንኳ አልነገርሁሽም። እግዜር ይስጥልኝ።"

ጎረምሶቹ አንገታቸውን ደፉ። ጣሊያኑ ምን እንዳሉ ሲጠይቅ አብዱልቃኒ "ስለ ፈጣሪ ቸርነት ነው" ብሎ ተረጎመለት። የዋሸ አይመስለኝም። ሥራነሽ መልሱ አፏ ላይ ሳለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቤት ከገቡ በኋላ ደግሞ እሳቸውም ነገሩን አላነሡት፤ እሷም አፈረች።

የኔታ በተከታዩ ክረምት ከአልጋቸው ላይ፣ ባናውን እንደ ለበሱ ዐረፉ። ሌላ ቅኔ አላሉም። ጣሊያን ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ሲኒማው ተመልሶ መጣና በከተማው አደባባይ አቡጀዲ ተወጠረ። አብዱልቃኒ ሰው ልኮ ሥራነሽን አስጠራት።

የኔታ አቡጀዲው ላይ ብቅ አሉ። ከጎኗ የቆሙ አንድ ቄስ "ምን ዓይነት ቅኔ ይሆን? ምነው ድምፁ በተሰማ" ብለው ተቆጩ። የባሏ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ እሷም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃል በቃል ተከተለቻቸው። ተናግረው ጨርሰው እጃቸውን ሲያወርዱ፣ ያን ዕለት አፏ ላይ የቀረውን ቃል አወጣችው።

"አብሮ ይስጠን፣ የኔታ" አለች።